ያልተነገረ አይቀበርም

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ግድግዳው ዜና ማንበብ ሲጀምር፣ ጋሽ ያፌት ማንኪያቸውን ሾርባው ውስጥ ትተው ራሳቸውን ያዳምጣሉ። ልማዱ አርባ ዓመት አልፎታል። ዜናውን የሚያነበው ድምፅ የእሳቸው ነው፤ የሚያነቡት ግን እሳቸው አይደሉም። ድምፁ ዛሬም የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ሙሉ፣ ከደረት የሚወጣ፣ ሰው የሚያምነው። የድምፁ ባለቤት ግን ሰማንያን ተሻግረው፣ ቀበና ወንዝ ዳር ባለችው ቤታቸው ከልጃቸው ከኤልዳና ጋር በሹክሹክታ ይኖራሉ።

«ዜናውን ያቀረብኩላችሁ ያፌት ጥላዬ ነኝ» ይላል ግድግዳው ሲጨርስ። ጋሽ ያፌት ያን ጊዜ ማንኪያቸውን ያነሳሉ። ሾርባው ቀዝቅዟል፤ ሁልጊዜም ይቀዘቅዛል።

በዚያ ወቅት የሀገር ድምፅ የሚባለው ብሔራዊ ጣቢያ መቶ ሃምሳኛ ዓመቱን ለማክበር ሽር ጉድ ይል ነበር። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚባሉት ዕቃዎች ድሮ ቀርተዋል፤ በየቤቱ ያለው ግድግዳው ነው። ግድግዳው ጠዋት ይቀሰቅሳል፣ ዜና ያነባል፣ የአየሩን ጠባይ ይናገራል፣ የሞተ ሰው ያስነግራል፣ ልጆችን ፊደል ያስቆጥራል። ይሰማል እንጂ አያይም። ሰው ለምዶታል፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ኤልዳና በምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት አንዲት ልጅ ቀሚሷን ጎተት አድርጋ፣ «ቲቸር፣ ግድግዳው አባትሽ ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃታለች። ምን ትበላት? «አዎ» አለቻት። ልጅቷ ሄዳ ግድግዳውን ሳመችው።

ጋሽ ያፌት ጣቢያው የገቡት ሰው ለሰው ያነብ በነበረበት በመጨረሻው ዘመን ነው። ያስተማሯቸው አቶ ግርማቸው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከእሳቸው አንድ ነገር ወርሰዋል፤ የሞተ ሰው ስም ከመጥራታቸው በፊት ትንፋሽ ይወስዳሉ። ረጅም አይደለም፤ ጆሮ ያልሰጠ ሰው ላያስተውለው ይችላል። «ሰውየው እንዲያልፍ መንገድ መልቀቅ ነው» ይሉ ነበር አቶ ግርማቸው።

መንግሥት ሲቀየር ሁለት ጊዜ ማይክሮፎኑ ፊት የተገኙት እሳቸው ናቸው። «ጠዋት ያመሰገንኩትን ማታ አወገዝኩት፤ ሕዝቡም አመነኝ፤ ድምፁ ያው ነዋ» ብለው ለኤልዳና ነግረዋታል። ይህንን የጣቢያው ኃላፊዎችም ያኔውኑ ልብ ብለውታል። ባለሥልጣን ሊቀየር ይችላል፤ ድምፁ እስካልተቀየረ ሰው ራቱን በልቶ ይተኛል። ስለዚህ በውል ድምፁን ቀድተው ለግድግዳው አስቀሩት። ጋሽ ያፌት ውሉን ሲፈርሙ ደስታቸው ወደር አልነበረውም። ሞቶ አለመሞት ማን ይጠላል?

መከራው የመጣው በኋላ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» አሉ። ታክሲው ጸጥ አለ። ሾፌሩ ዳር ይዞ ሞተር አጠፋ። ተሳፋሪው ጆሮውን አቁሞ ቀጣዩን ይጠብቅ ጀመር፤ ማን ነው የሚወርደው? ለምን? እሳቸው ተሸማቀው ወርደው ሄዱ። እስኪመሽ ድረስ አንድ ትልቅ ሰው ከሥልጣን ሊወርድ ነው የሚል ወሬ ከተማውን አዳረሰው፤ ነጋዴው ሱቁን ዘጋ። በሳምንቱ ከጣቢያው ሁለት ጨዋ ሰዎች መጥተው ውሉ ላይ አንዲት አንቀጽ ጨመሩ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ያፌት ድምፅ አውጥተው ተናግረው አያውቁም። ሹክሹክታ ተፈቅዶላቸዋል፤ ሹክሹክታ ሁሉም ሰው ላይ አንድ ነው ተብሎ።

መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ ይቀልድባቸው ነበር። ሱቅ ሲሄዱ በጣታቸው ያሳያሉ፤ እድር ስብሰባ ላይ እጃቸውን ያወጣሉ፤ ለቅሶ ቤት ያለ ድምፅ ያለቅሳሉ። ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል፤ «እሳቸው» ማለት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሄለን ያረፉ ዕለት ጋሽ ያፌት አፋቸውን በመሐረብ አፍነው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ግድግዳው በእሳቸው ድምፅ የሚስታቸውን ሞት አነበበ። ከስማቸው በፊት ትንፋሽ ወሰደ። ኤልዳና ያን ቀን አባቷ ፊት ላይ ያየችው ሐዘን ብቻ አልነበረም። ቅናትም ነበር።

ጋሽ ያፌት የሞቱት አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ኤልዳና ምድጃው ጋ ቆማ ሻይ ስታፈላ ከኋላዋ ሰው ጠራት።

«ኤልዱ።»

ቤት ውስጥ የማታውቀው ሰው የገባ መሰላት። ድምፁ ቀጭን ነው፤ የተሰነጠቀ፣ አየር የሚያመልጠው። ዞር ስትል አባቷ አልጋው ላይ ቀና ብለው፣ ራሳቸውም ደንግጠው ያዩዋታል።

«አባዬ! አንተ ነህ የተናገርከው?»

«እኔ ነኝ» አሉ፤ እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ። «ይኼ ነው እንዴ ድምፄ?»

ግድግዳው በዚያ በሞላ፣ በሚያምር ድምፁ ጣልቃ ገባ። «ቤት ውስጥ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ። ማን ልበል?»

ጋሽ ያፌት ግድግዳውን አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ፤ ሳሉ አልቆም አለ። ኤልዳና ደግፋ ያዘቻቸው።

«አላወቀኝም» አሉ። «ሰማሽ? አላወቀኝም እኮ። ታክሲ ውስጥ ብጮህስ ማን ዞር ብሎ ያየኝ ነበር? እናትሽን ስሟን እየጠራሁ ባለቅስስ? ስንት ዓመት ሆኖኛል እንዲህ ከሆንኩ? በከንቱ ዝም አልኩ፣ ልጄ። በከንቱ።»

«ተው አባዬ፣ አትናገር፣ ይደክምሃል።»

«በስሜ ቅበሪኝ» አሉ ድምፅ አውጥተው። «ሌላ ምንም አልልሽም። ድምፄን ይውሰዱት፤ ያው ወስደውታል። በስሜ ቅበሪኝ።»

«ማን ልበል?» አለ ግድግዳው እንደገና፣ በትሕትና።

ሻዩ ሳይቀዳ አረፉ።

ያልተነገረ አይቀበርም። ይህ መጀመሪያ የከተማው መመሪያ ነበር፤ ሲውል ሲያድር ተረት ሆነ። የመቃብሩ በር የሚከፈተው ስሙ በግድግዳው ለተነበበ ሰው ብቻ ነው። ድሮ ሰው ስለሞተ ይነገርለታል፤ አሁን ስለተነገረለት ሞቷል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሮቤል ይህንን ለኤልዳና ማስረዳት አላስፈለጋቸውም፤ ቢሆንም አስረዷት።

«ድንኳኑ ዝግጁ ነው፤ ወንበሩም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ወዳጄ ነበር እኮ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተቃውሞኝ አያውቅም። ግን ልጄ፣ ጣቢያው ሳይናገር ምን እናደርጋለን? ሂጂና አስነግሪለት።»

ሄደች።

ወደ ኃላፊው ቢሮ የሚወስደው መንገድ በታሪክ አዳራሹ ውስጥ ያልፋል። አዳራሹ ለበዓሉ አዲስ ተደርጎ ተሠርቷል። አስጎብኚ የሚከተሉ ተማሪዎች ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ መስታወቱ ፊት ሲቆሙ ታሪኩ ይናገራል። የመጀመሪያው መስታወት ውስጥ ጥቅል ጎመን የሚያህል ማይክሮፎን አለ። ጣቢያው ሥራ የጀመረበት ቀን ነው። «ይህ የሀገር ድምፅ ነው» አለ መስታወቱ። ኤልዳና ቆመች። ድምፁ የአባቷ ነው። አባቷ ያኔ አልተወለዱም፤ አያቷም አልተወለዱም።

ወደ ሁለተኛው ሄደች። የጦርነት ጊዜ ነው፤ አባቷ ናቸው። ሦስተኛው የመጀመሪያው ቴሌቪዥን ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ክራባት ያሰረ ሰው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፁ አባቷ ናቸው። ንጉሥ ሲወርድ አባቷ፣ ወታደር ሲወጣ አባቷ፣ ወታደር ሲሸሽ አባቷ፣ ድርቅ፣ ድል፣ ድርድር፣ ሁሉም ላይ ያው ሙሉ፣ የታመነ ድምፅ። በመጨረሻው መስታወት ውስጥ የአቶ ግርማቸውን ፎቶግራፍ አገኘች። አባቷ፣ እኚህ ሰው የረሃቡን ዜና ሲያነቡ ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ ለአፍታ ማንበብ አቅቷቸው እንደነበረ ነግረዋታል። ፎቶግራፉ ላይ ያሉት አቶ ግርማቸው አፋቸውን ከፈቱ። ዜናው በአባቷ ድምፅ፣ ሳይንቀጠቀጥ ተነበበ።

«ስንት ዓመታቸው ነው ግን ጋሽ ያፌት?» አለ አንድ ተማሪ።

አስጎብኚዋ ሳቀች። «ጣቢያውን የሚያህሉ ናቸው» አለችው።

የድምፅ ቅርስ ኃላፊው አቶ ኢዮስያስ ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ጸጉሩን በወጉ ያበጠረ። ኤልዳና አባቷ ማረፋቸውን ስትነግረው ብድግ ብሎ ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የምር እንባ ነበር።

«ነፍስ ይማር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በእሳቸው ነው፤ እናቴ በልጅነቴ ስትሞት ያስነገሩልኝ እሳቸው ናቸው» አለ። ከተቀመጠ በኋላ ግን እጆቹን አጣመረ። «እንዴት አድርገን ነው የምናነበው፣ እህቴ? ማን ያነበዋል?»

«ሌላ ድምፅ የላችሁም?»

«የለንም። ድሮ ብዙ ነበረን፤ ልጆች ግራ ይጋባሉ፣ የቱን እንመን ይላሉ ብለን አንድ አደረግነው። እስቲ አስቢው፤ እሳቸው ራሳቸው ያፌት ጥላዬ ሞቷል ብለው አንብበው፣ መጨረሻ ላይ ያፌት ጥላዬ ነኝ ቢሉ ሰው ከዚያ በኋላ ምናቸውን ያምናል? ነገ ዝናብ አለ ቢሉት እንኳ አያምንም። መቶ ሃምሳ ዓመት ገደል ገባ ማለት ነው።»

«አባቴ ቤት ተጋድሟል።»

«አውቃለሁ። ሜዳ ላይ አንጥልሽም።» ወደ እሷ ዘንበል አለ። «አቶ ሽፈራው ተካልኝ ብለን እናስነግርላቸው። በሩ ይከፈታል። በክብር ይቀበራሉ።»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

«ማንም። እንዲህ ላለ ቀን ያስቀመጥነው ስም ነው።»

ኤልዳና ተነሳች። «የአባቴ ስም ያፌት ጥላዬ ነው» አለችው።

«አስቢበት። እዚህ ድረስ መምጣትም አያስፈልግሽም» አላት እስከ በሩ እየሸኛት። «ግድግዳውን እሺ ካልሽው ይበቃል።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ኤልዳና የሄደችው ናቲ ጡሩምባ ዘንድ ነው። ናትናኤል ሰባ ዓመት ቢያልፈውም ሰፈሩ ዛሬም ናቲ ይለዋል። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ሥር ሲያስጮኸው ኖሮ ሁለቱም ጆሮዎቹ ደንቁረዋል። ሞት በግድግዳ መነገር ከጀመረ ወዲህ ጡሩምባውን የጠየቀው የለም። የከለከለውም የለም፤ ተረስቷል። ኤልዳና ፊቱ ቆማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቀጥላ ጉንጯን መዳፏ ላይ አስተኝታ ዓይኗን ጨፈነች። ናቲ ጥቂት ካያት በኋላ ደረቱን እየመታ አለቀሰ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ቀበና ጡሩምባ ሰማች። ልጆች ምን እንደሆነ አላወቁም፤ አሮጊቶች ግን ገና ሳይነገራቸው ነጠላቸውን ፈለጉ። ናቲ በየመንገዱ ማዕዘን እየቆመ፣ ራሱን የማይሰማ ሰው እንደሚጮኸው ጮኸ። «ያፌት ጥላዬ አርፏል! የእድር ሰው የሆንክ፣ ውጣ! ያፌት ጥላዬ አርፏል!»

ሰውም ወጣ። የሚገርመው ይህ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ። ጋሽ ሮቤል መጀመሪያ በር ላይ ቆመው ግድግዳ ግድግዳውን አዩ፤ ግድግዳው ዝም ሲል ጊዜ ድፍረት አገኙ። «እድራችን ከግድግዳው በፊት የነበረ ነው» ብለው ድንኳኑን አስተከሉ። ጋሽ ያፌት ተገንዘው አልጋቸው ላይ ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ስለ እሳቸው ያወራል፤ በእጃቸው እንዴት ይቀልዱ እንደነበር፣ የታክሲውን ነገር። እየሳቁ ያለቅሳሉ። ኤልዳና ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አደረገች። ይህ ሁሉ ሰው ሬሳውን ተሸክሞ መቃብሩ በር ላይ ቢቆም፣ ይህ ሁሉ ሰው ስሙን ቢጠራ፣ በሩ ምን ሊሆን? ይከፈታል። መከፈት አለበት።

ቀን ሰባት ሰዓት ሆነ። ከየቤቱ፣ በተከፈተው በር ሁሉ፣ የዜናው ሙዚቃ ወጣ።

«ውድ አድማጮቻችን፣ ወደ ዜናው ከመግባቴ በፊት አንድ የግል መልእክት አለኝ» አለ ድምፁ። «ዛሬ ማለዳ በቀበና ስለ እኔ የተነፋው ጡሩምባ በስሕተት የተነፋ ነው። እኔ ያፌት ጥላዬ በሙሉ ጤንነት ላይ እገኛለሁ። ልጄ ኤልዳና ሰሞኑን ሥራ በዝቶባት ደክማለች፤ አትቀየሟት። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሮቤል፣ ጎረቤቴ እትዬ ብሌን፣ እንዲሁም መላው የቀበና ወዳጆቼ፣ ለእኔ ብላችሁ ስለደከማችሁ እግዜር ይስጥልኝ። በዕለቱ ዜና…»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እንባውን ጠረገ።

ድሮ በበዓል ቀን ስሙ በሬዲዮ የተጠራ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲያወራው ይከርም ነበር ይባላል። ጋሽ ሮቤል ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ፤ ወገባቸው ቀና አለ። «ስሜን ጠራኝ» አሉ። «ሰማችሁ? ጋሽ ሮቤል አለኝ!»

«ጋሽ ሮቤል» አለች ኤልዳና። «አባቴ እዚያ ውስጥ ነው። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስገነዙት።»

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው፣ ልጄ!» አሉ እየሳቁ፤ ሳቃቸው ከልብ ይሁን ከፍርሃት እሳቸውም አልለዩትም። «ሰውየው ራሱ አልሞትኩም እያለ እኛ ምን ቤት ነን?»

«ግቡና እዩት!»

ማንም አልተነቃነቀም። በመጨረሻ የጎን ጎረቤቷ እትዬ ብሌን ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ሰው ሁሉ በሩን ያያል። ከውስጥ የጋሽ ያፌት ድምፅ ስለ ጤፍ ምርት ያነባል። እትዬ ብሌን ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ኤልዳናን አላየቻትም።

«ተኝቷል» አለች። «አትረብሹት።»

ያን ጊዜ አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ሴቶቹ ያዘቀዘቁትን ነጠላ መልሰው አስተካከሉ። ወንዶቹ ኤልዳናን እያቀፉ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ!» አሏት፤ «አባት እንደገና ሲወለድ ማን አይቷል!» አሏት። ድንኳኑን ገመዱን እየፈቱ፣ ወንበሩን እየደራረቡ ወሰዱት። ለለቅሶ የመጣው ንፍሮ እንኳ ለምሥራች ተበላ።

ኤልዳና ግቢው ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ብቻዋን አይደለም፤ ናቲ አጥሩ ሥር ጡሩምባውን ታቅፎ ተቀምጧል። በሰፈሩ ውስጥ ዜናውን ያልሰማ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሰው ለምን እንደሚስቅ፣ ድንኳኑ ለምን እንደፈረሰ አልገባውም። እንባው አልደረቀም። ወደ እሷ መጥቶ፣ «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አላት በዚያ ከልክ ባለፈ ድምፁ።

ሁለት ሆነው ሬሳ አይሸከሙም። ቢሸከሙም በሩ አይከፈትም። አባቷ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ተጋድመዋል፤ ቀኑ ደግሞ ሙቀት ነው። ወደ ውስጥ ገባች። ግንዛቱን በእጇ ዳሰሰች። «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ቀና ብላ ድምፅ አውጥታ፣ «እሺ» አለች።

«እናመሰግናለን፣ ኤልዱ» አለ ግድግዳው።

ኤልዱ ብሎ ጠርቷት አያውቅም ነበር። ሐሙስ ጠዋት ነው የሰማው።

ከጣቢያው ሬሳ የሚሸከሙ አራት ሰዎች ከአቶ ኢዮስያስ ጋር መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ምንም አላጎደሉም። ስሙ የሚነበበው ገና ማታ ነበር፤ ለጣቢያው ሰዎች ግን የመቃብሩ በር ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ቀድሞ ተከፈተ። ካህኑ «ስመ ክርስትናቸው?» ብለው ሲጠይቁ አቶ ኢዮስያስ ቀድሞ የሌላ ሰው ስም ነገራቸው። አፈሩ ሊመለስ ሲል ናቲ ጡሩምባውን አነሳ። ማንም ሳይደርስበት ነፋው፤ ከዚያም እንደ ወጉ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ። «ያፌት ጥላዬ! ያፌት ጥላዬ!»

የመቃብሩ ዘበኛ ደንግጦ ዞረ። አቶ ኢዮስያስ እጁን ናቲ ትከሻ ላይ በቀስታ አሳረፈ። «አባት ተሳስተዋል» አለው ዘበኛውን። «ጆሯቸው አይሰማም።» ኤልዳና ግን ሰምታለች። መቃብሩ ላይ የተጠራው ስም እሱ ነበር።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ሾርባ ሠርታ ሁለት ሳህን አቀረበች፤ እጇ ነው ያቀረበው። ግድግዳው ዜናውን ጀመረ። ለሕዝብ ጤና ሲባል በየእድሩ ያሉ ጡሩምባዎች ከነገ ጀምሮ እንደሚሰበሰቡ ተናገረ። የበዓሉ ዝግጅት መጠናቀቁን ተናገረ። በመጨረሻ ወደ ዕረፍት ዜና ዞረ።

ከዚያ ትንፋሽ ወሰደ።

«አቶ ሽፈራው ተካልኝ ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» አለ። ስሙ የማንም ነው። ትንፋሹ ግን የአባቷ ነበር፤ ከአቶ ግርማቸው የወረሱት፣ ማንም ሳያስተውለው ከድምፁ ጋር ተጠቅልሎ የቀረ። ኤልዳና ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ አባቷ ለቅሶ ቤት እንደሚያለቅሱት፣ መሐረብ አፏ ላይ አድርጋ።

«ዜናውን ያቀረብኩላችሁ ያፌት ጥላዬ ነኝ።»

በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። እትዬ ብሌን ናት።

«እንደምን አደርሽ፣ ልጄ?» አለች እትዬ ብሌን ጮክ ብላ፤ ቤቱ ውስጥ ላለው ሁሉ እንዲሰማ። «ትናንት የተቀበረው ሽፈራው የሚባለው ሰው ማን ይሆን? ቀባሪ እንኳ አልነበረውም አሉ፣ ምስኪን። አባትሽ ግን እንዴት አሳምሮ አነበበለት!»

የኤልዳና ዓይን እትዬ ብሌን ነጠላ ላይ ቀርቷል። አዘቅዝቃ ለብሳዋለች። ጥለቱ ፊቷን ከቦታል። ከኋላዋ ግቢው በር ላይ ሌሎች ሴቶች ቆመዋል፤ ትናንት እልል ያለችው አለች፤ የጋሽ ሮቤል ሚስት አለች። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም። ከአጥሩ ውጪ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጋሽ ሮቤል እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«እንግዳ አለ?» አለ ግድግዳው ከውስጥ። «ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ ያፌት!» አለች እትዬ ብሌን፤ ድምፏ የደስ ደስ አለው፤ እንባዋ ጥለቱን ያርሰዋል። የኤልዳናን እጅ ይዛ አለቀቀችም። «እንዴት አደሩልን? ኤልዳና፣ አባትሽን ሰላም በይልን። ሁላችንም ሰላም ብለናል።»

ኤልዳና ሴቶቹን አየች፤ ግድግዳውን አየች።

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለች። «ደህና ነው።»